የድህረ ምረቃ ተማሪ «ተበደልኩ» ሲል፦ ቅሬታውን ለማን፣ መቼና እንዴት ያቅርብ?



ከበቆጂ፣ ከሁሩታ፣ ከኢተያ፣ ከሳጉሬ ወይም ከአርሲ ሮቤ ተነስተው በቅዳሜና እሁድ ወይም በክረምት አሰላ እየገቡ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሚማሩ ወንድሞችና እህቶች አሉን። መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የግብርና ባለሙያዎችና የወረዳ ሠራተኞች ናቸው። ብዙዎቹ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ፤ ክፍያውን ከደመወዛቸው ይቆርጣሉ፣ አለዚያም ከመሥሪያ ቤታቸው ጋር ውል ፈርመው ነው የሚማሩት። እንዲህ ላለ ተማሪ አንድ ሴሚስተር ማለት ገንዘብ ነው፣ የደረጃ እድገት ነው፣ ለቤት የሚገባ ቃል ነው።

ታዲያ ውጤት ያለአግባብ ሲቀነስ፣ አማካሪ ለወራት ሲጠፋ ወይም ዲፌንስ ያለ ምክንያት ሲራዘም ተማሪው ምን ያደርጋል? ብዙ ጊዜ የምናየው ይህንን ነው፦ ለጓደኛ ይነግራል፣ ለቤተሰብ ይነግራል፣ በቴሌግራም ግሩፕ ያማርራል፣ ኃላፊውን ኮሪደር ላይ አግኝቶ በቃል ያስረዳል። ከዚያ ይጠብቃል። ሴሚስተሩ ካለፈ በኋላ ማመልከቻ ሲያስገባ «ጊዜው አልፏል» ይባላል። በደሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ለሁሉም በቃል ተነግሮ ለማንም በጽሑፍ አልቀረበም።

በዚህ ጽሑፍ ማስተላለፍ የምንፈልገው ዋና መልእክት አንድ ነው፦ ቅሬታ የሚያሸንፈው በትክክለኛው ሰዓት፣ ለትክክለኛው አካል፣ በወረቀት ሲቀርብ ነው። መንገዱን ከመጀመሪያው ደረጃ እስከ መጨረሻው አብረን እንይ። አርሲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ከአዳማ ተነጥሎ ራሱን የቻለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሆነ ሲሆን የአሰላን ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታልም ያስተዳድራል። ከዚህ በታች የምንለው ግን አንድን ተቋም ለይቶ የሚመለከት አይደለም። በጅማም፣ በሐረማያም፣ በአዲስ አበባም ለሚማር ይሠራል።

በመጀመሪያ፦ ቅሬታችሁ የትኛው ዓይነት ነው?

ሁሉም ቅሬታ አንድ መንገድ አይሄድም። ከመጻፋችሁ በፊት ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለዩ።

1. የምዘና ቅሬታ። «መልሴ ከተሰጠኝ ነጥብ በላይ ይገባዋል»፣ «ጥናቴ ደካማ የተባለው ያለአግባብ ነው» የሚል ነው። ይህ የመምህሩ የሙያ ፍርድ ነው። ሊታረም ይችላል፤ የሚያርመው ግን ሌላ የሙያው ሰው እንጂ አስተዳዳሪ ወይም ዳኛ አይደለም።

2. የሥርዓት ቅሬታ። ደንቡ የሚለው አልተደረገም የሚል ነው። ነጥብ ሲደመር ስህተት ተፈጥሯል፣ የተሰጠ አሳይመንት ሳይያዝ ቀርቷል፣ በኮርሱ መግለጫ 40 ከመቶ የተባለው ፈተና በ60 ተይዟል፣ ገምጋሚው ጥናቱን ሳያገኝ ዲፌንስ ተካሂዷል። ይህ በሰነድ የሚረጋገጥ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉም ይልቅ ቶሎ ይፈታል።

3. የአድልዎና የምግባር ቅሬታ። በሃይማኖት፣ በብሔር፣ በጾታ ወይም በግል ቂም ምክንያት ተለይቼ ተበደልኩ የሚል ነው። ጾታዊ ትንኮሳ፣ ጉቦ መጠየቅ፣ የተማሪን ሥራ በራስ ስም ማውጣት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከባዱ ይህ ነው፤ ማስረጃ ይፈልጋል፣ የሚታየውም በሌላ መስመር ነው።

ልዩነቱ ለምን ይጠቅማል? አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እህት በአንድ ኮርስ ዝቅተኛ ውጤት መጣባት። መምህሩ በአለባበሷ ምክንያት እንደማይወዳት ታምናለች። ማመልከቻዋን በዚህ ጉዳይ ብትጀምር መምህሩ ይክዳል፣ እሷም ማስረጃ ትጠየቃለች፣ ነገሩ ለወራት ይጓተታል። ነገር ግን የነጥቦቿን ዝርዝር ጠይቃ ስታይ ከ30 ያገኘችው 26 ነጥብ 16 ተብሎ ተመዝግቦ ቢሆንስ? የመጀመሪያው ማመልከቻዋ መሆን ያለበት ስለዚያ 10 ነጥብ ነው። እሱ በቀናት ውስጥ ይስተካከላል። አድልዎ አለ የሚለውን ደግሞ ማስረጃው ካላት ለብቻው ታቀርበዋለች። ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ማደባለቅ ቀላሉን በከባዱ ማሰር ነው።

ከመክሰስ በፊት ማጣራት

ሙስሊም ወሬ ሲሰማ እንዲያጣራ፣ በጥርጣሬ ብቻ እንዳይፈርድ መታዘዙን ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ለመምህርም ይሠራል። የመምህሩ ዝምታ ሁልጊዜ ጥላቻ አይደለም፤ ታሞ፣ ለሥልጠና ሄዶ ወይም የሚያማክራቸው ተማሪዎች በዝተውበት ሊሆን ይችላል። ማጣራት ደግሞ ለራሳችሁ ጉዳይም ይጠቅማል፣ የተጣራ ቅሬታ አይወድቅምና። ከማመልከታችሁ በፊት እነዚህን በእጃችሁ አድርጉ፦

የዩኒቨርሲቲያችሁ ሴኔት ሌጅስሌሽን። ስለ ውጤት፣ ስለ አማካሪ፣ ስለ ዲፌንስና ስለ ቅሬታ የሚደነግገው ዋናው ሰነድ ይህ ነው። ከሬጅስትራር፣ ከትምህርት ክፍል ወይም ከድህረ ምረቃ ቢሮ ቅጂውን ጠይቁ። ቅሬታ የሚቀርብበትን የቀን ገደብ የሚነግራችሁ እሱ ነው፤ «ባለፈው ዓመት የነበሩት እንዲህ አሉ» በሚለው አትመሩ።

የኮርሱ መግለጫ ወይም ኮርስ አውትላይን። ነጥቡ እንዴት እንደሚከፋፈል የተጻፈበት ነው።

የተመለሱ ፈተናዎችና አሳይመንቶች፣ የተላኩ ኢሜይሎች፣ የቴሌግራም መልእክቶች። ስክሪን ሻት ስታነሱ ቀኑና የላኪው ስም እንዲታይ አድርጉ።

የቀን መዝገብ። አንድ ደብተር ይበቃል፦ «ጥቅምት 12፣ ምዕራፍ አንድን በኢሜይል ላክሁ። ኅዳር 3፣ ቢሮ ሄድኩ፣ አልነበሩም። ኅዳር 17፣ በስልክ አነጋገርኳቸው፣ በሳምንት እመልሳለሁ አሉ።» ከስድስት ወር በኋላ ከማስታወስ ይልቅ ይህ ገጽ ይመሰክርላችኋል።

መሰላሉ፦ ደረጃ በደረጃ

የስያሜ ልዩነት ቢኖርም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያለው ቅደም ተከተል ተመሳሳይ ነው። ደረጃ መዝለል አይመከርም፤ ፕሬዚዳንቱ ዘንድ በቀጥታ የገባ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ትምህርት ክፍል ይመራል፣ በመሃል ቀን ይባክናል።

አንደኛ፣ መምህሩ ወይም አማካሪው። በአክብሮት፣ ፊት ለፊት። «መምህር፣ ነጥቤን ዝርዝሩን ብመለከት ደስ ይለኛል» በማለት መጀመር ይቻላል። ከተነጋገራችሁ በኋላ ግን በዚያው ቀን አጭር ኢሜይል ላኩ፦ «ዛሬ ስላነጋገሩኝ አመሰግናለሁ። በተነጋገርነው መሠረት እስከ አርብ ውጤቱን እንደሚያዩልኝ ተረድቻለሁ።» ይህ ጨዋነት ነው፤ ማስረጃም ነው።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊና የትምህርት ክፍሉ ድህረ ምረቃ ኮሚቴ። በጽሑፍ መቅረብ የሚጀምረው እዚህ ነው። ዳግም እርማት፣ አማካሪ መቀየር፣ የፕሮፖዛል መጓተት በአብዛኛው የሚታየው በዚህ ኮሚቴ ነው።

ሦስተኛ፣ የኮሌጁ ወይም የትምህርት ቤቱ ዲን፣ ከዚያም የድህረ ምረቃ ዳይሬክቶሬት።

አራተኛ፣ የአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት። ከዚያ ፕሬዚዳንቱ፤ እንደ ጉዳዩም ሴኔቱ።

በየደረጃው አንድ ነገር አትርሱ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱን በመዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማህተም አስደርጉ። ማህተም የሌለው ማመልከቻ እንዳልገባ ይቆጠራል። መልሱም በጽሑፍ እንዲሆን ጠይቁ። የቃል «አይሆንም» ወደ ቀጣዩ ደረጃ ይዞ የሚያስኬድ ወረቀት የለውም።

ጉዳይ በጉዳይ

የኮርስ ውጤት

ውጤት እንደተለጠፈ ወይም ሲስተም ላይ እንደገባ ቀኑን መዝግቡ፣ የቅሬታው ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ነው። መጀመሪያ የድምር ስህተትን አጣሩ። ከዚያ በኋላም ካልረካችሁ ዳግም እርማት በጽሑፍ ጠይቁ፤ ወረቀቱ ሌሎች መምህራን እንዲያዩት ይደረጋል። ዳግም እርማት ውጤትን ከፍ ሊያደርግም ዝቅ ሊያደርግም እንደሚችል አስቀድማችሁ ደንባችሁን አንብቡ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሁለተኛ ዲግሪ ምረቃ አማካይ ውጤቱ 3.00 መሆን ስላለበት ለአንድ ግሬድ መከራከር ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም ሁሉንም ኮርስ የሚያከራክር ተማሪ እውነተኛው ቅሬታው ሲመጣ ሰሚ ያጣል።

የሚጠፋ አማካሪ

በድህረ ምረቃ ከሁሉም የሚያስመርረው ይህ ነው። የአንድ ወር ዝምታ ለሁሉም ተማሪ እኩል አይመዝንም። በአርሲ ደጋ ስንዴና ገብስ የሚዘራው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። በማሳ ላይ ጥናት የሚሠራ የግብርና ተማሪ ፕሮፖዛሉ ሰኔ ሳይገባ ካልጸደቀ የሚያጣው አንድ ወር አይደለም፣ አንድ ሙሉ የምርት ዘመን ነው። ክረምት ብቻ ለሚማር መምህርም እንዲሁ ነው፤ ነሐሴ ላይ ያልተፈረመ ወረቀት የሚቀጥለውን ሐምሌ ይጠብቃል። በሆስፒታል መረጃ የሚሰበስብ የጤና ተማሪ ደግሞ የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳይወጣለት አንድ ታካሚ እንኳ ማነጋገር አይችልም።

ስለዚህ በቅሬታችሁ ላይ «አማካሪዬ ቸል ብለውኛል» አትበሉ። «ፕሮፖዛሌን የካቲት 10 አስገብቻለሁ፤ እስከ ሚያዝያ 20 አስተያየት አላገኘሁም፤ የመዝሪያ ወቅት ሰኔ ስለሆነ እስከ ግንቦት 15 ካልታየ ጥናቱ በአንድ ዓመት ይዘገያል» በሉ። የመጀመሪያው ስሜት ነው። ሁለተኛው ኮሚቴው ውሳኔ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ቀን አለው።

አማካሪ መቀየር ይቻላል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ተባባሪ አማካሪ እንዲመደብ መጠየቅን አስቡ። ግንኙነቱን ሳይሰብር ሥራውን ያስቀጥላል። መዘግየቱ የእናንተ ጥፋት ካልሆነ ደግሞ የጊዜ ማራዘሚያውና ተጨማሪ ክፍያው እንዴት እንደሚታይ በዚያው ማመልከቻ አንሱ። በመሥሪያ ቤት ውል የምትማሩ ከሆነ የደብዳቤውን ግልባጭ ለመሥሪያ ቤታችሁ አድርሱ፤ «ትምህርቱን በጊዜው አላጠናቀቀም» ተብሎ ውሉ እንዳይፈጸምባችሁ ይጠብቃችኋል።

ዲፌንስ

የመመረቂያ ጥናት የሚገመገመው በአብዛኛው የውጭ ገምጋሚ፣ የውስጥ ገምጋሚና ሰብሳቢ ባሉበት ቦርድ ነው። ቅሬታ ሲኖራችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቦርዱ በደንቡ መሠረት ተሟልቷል ወይ? ገምጋሚዎቹ ጥናቱን በቂ ጊዜ ቀደም ብለው አግኝተዋል ወይ? የታዘዘው ማስተካከያ በጽሑፍ ተሰጥቷል ወይ? «ይስተካከል» የተባለውን ዝርዝር በጽሑፍ ሳትይዙ ከአዳራሹ አትውጡ። በኋላ «ያልነው ይህ አልነበረም» የሚል ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው። ገምጋሚው ከእናንተ ጋር የግል ጠብ ወይም የጥቅም ግጭት ካለው ይህንን ማንሳት ያለባችሁ ቦርዱ ሲሰየም እንጂ ውጤቱ ከተነገረ በኋላ አይደለም። ከውጤት በኋላ ሲነሳ ሰበብ ይመስላል።

የሥራችሁ ባለቤትነት

ጥናታችሁ በሌላ ሰው ስም ወጥቶ ብታገኙት የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሳይንሳዊ ሥራን ይጠብቃል። አዋጁ የሚጠብቀው የተጻፈውን ሥራ እንጂ ሐሳብን ብቻ እንዳልሆነ ግን እወቁ። ስለዚህ ረቂቆቻችሁን በቀናቸው በኢሜይል ለራሳችሁም ላኩ። የጋራ ጽሑፍ ከማሳተማችሁ በፊት የስም ቅደም ተከተሉን በጽሑፍ ተስማሙ። አማካሪ በሥራው ላይ እውነተኛ ድርሻ ካለው ስሙ መግባቱ በደል አይደለም፤ በደሉ የእናንተ ስም ሲጠፋ ነው።

ትንኮሳና ጥቅም መጠየቅ

ይህ «የትምህርት ቅሬታ» አይደለም፤ ወንጀልም ሊሆን ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625 መምህር በሥልጣኑ ተጠቅሞ በሴት ላይ የሚፈጽመውን ጾታዊ ብዝበዛ ይቀጣል። እህቶች እዚህ ላይ መሰላሉን ከመጀመሪያው ደረጃ መጀመር የለባቸውም፤ ከበዳዩ ጋር ብቻቸውን ቁጭ ብለው እንዲነጋገሩ ማንም ሊያስገድዳቸው አይገባም። በቀጥታ ወደ ሴቶች ጉዳይ ቢሮ፣ ወደ ዲኑ ወይም ወደ ፖሊስ ይሂዱ፤ የምታምኑትን ሰው አስከትሉ፤ መልእክቶችን አታጥፉ። ሲንቄዋን ይዛ ለተበደለች እህቷ የምትወጣ እናት ያለባት አርሲ «ዝም በይ፣ ስምሽ ይጠፋል» የሚል ምክር አይመጥናትም። ገንዘብ ወይም ጥቅም ሲጠየቅም እንዲሁ ነው፦ አትክፈሉ፣ ለሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክፍል አመልክቱ። 

ሃይማኖትን የሚነካ ጉዳይ

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 እኩልነትን፣ በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን ያረጋግጣል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ፣ ከፖለቲካ ወገንተኝነትና ከባህላዊ ጭፍን አመለካከት ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ይላል። ይህ የመጨረሻው በሁለት በኩል ይሠራል፦ ዩኒቨርሲቲው የእኛ መስጂድ አይሆንም፤ ተማሪም በእምነቱ ምክንያት ከትምህርት አይገፋም።

በተግባር የሚያጋጥሙት ብዙዎቹ በቅድሚያ በመነጋገር ይፈታሉ። ፈተና ከጁምዓ ሰላት ወይም ከዒድ ጋር ከተጋጨ የጊዜ ሰሌዳው በወጣበት ሳምንት በጽሑፍ አመልክቱ፤ ማመልከቻውን ከፈተናው ዋዜማ ያደረሰ ተማሪ ለኃላፊው ምርጫ አይተውለትም። በአለባበስ ምክንያት ከክፍል ወይም ከፈተና ከተከለከላችሁ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ደንብ ጠቅሶ እንደከለከለ ጠይቁና መዝግቡ።

ስለዚህ የቅርቡ ትልቅ ምሳሌ በ2017 ዓ.ም. በአክሱም የታየው ነው። በአራት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሂጃብ የለበሱ ተማሪዎች ሲከለከሉ የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት 159 ሴት ተማሪዎች ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መመዝገብ እንዳልቻሉ አሳወቀ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ ትዕዛዝ ተሰጠ፤ በመቀሌም ሰልፍ ተካሄደ። እነዚያ ተማሪዎች የድህረ ምረቃ አልነበሩም፤ ትምህርቱ ግን ለሁላችንም ነው። አቤቱታው «ሙስሊሞች ተበደሉ» ብሎ አልቆመም። ስንት ተማሪ፣ ከየት፣ ከምን ተከለከለ፣ የሚያልፈውስ ቀን የትኛው ነው የሚለውን ይዞ ነበር። አስቸኳይ እግድ የሚጠየቀው እንዲህ ባለ ጉዳይ ነው።

ማመልከቻው እንዴት ይጻፍ?

አንድ ገጽ ይበቃል። ስድብ፣ ስሜት፣ የሌላ ተማሪ ታሪክ አይግባበት። አጻጻፉ ይህን ይመስላል፦

ቀን ……
ለ …… ትምህርት ክፍል ኃላፊ
አሰላ

ጉዳዩ፦ በ …… ኮርስ ውጤት ላይ ዳግም እርማት እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ

እኔ …… የመታወቂያ ቁጥር …… በ …… ፕሮግራም የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን በ …… ቀን የተገለጸው የኮርሱ ውጤቴ …… ነው። በኮርሱ መግለጫ መሠረት አጋማሽ ፈተና ከ30 የሚያዝ ሲሆን ያገኘሁት 26 ነው፤ በውጤት መግለጫው ላይ ግን 16 ተብሎ ተመዝግቧል። ጉዳዩን በ …… ቀን ለመምህሩ አሳውቄ እስካሁን ማስተካከያ አላገኘሁም።

ስለዚህ፦ 1ኛ. የተመዘገበው ነጥብ ከፈተና ወረቀቱ ጋር እንዲመሳከር፤ 2ኛ. ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አባሪ፦ የተመለሰ የፈተና ወረቀት ቅጂ 1 ገጽ፣ የኮርስ መግለጫ 2 ገጽ፣ የኢሜይል ቅጂ 1 ገጽ

ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ

ልብ በሉ፦ የተፈጸመው ነገር፣ ማስረጃውና የሚጠየቀው መፍትሔ ተለይተው ተቀምጠዋል። ብዙ ማመልከቻ በደሉን በሦስት ገጽ ዘርዝሮ ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ሳይናገር ያበቃል። ኃላፊው ሊወስን የሚችለውን ነገር ጠይቁት።

ከዩኒቨርሲቲው በር ውጭ

የውስጡን መንገድ ከጨረሳችሁ በኋላ «የመጨረሻ ውሳኔ» የሚል ደብዳቤ ያዙ። የውጭው በር ሁሉ የሚከፈተው በሱ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የሚማሩ ወገኖቻችን ይህንን በደንብ ያውቁታል፦ እዚያ የተማሪዎችን አቤቱታ የሚያይ ገለልተኛ ተቋም አለ፤ ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው የውስጥ ሂደቱ መጠናቀቁን የገለጸበት ደብዳቤ ሲቀርብለት ነው የሚያየው። እሱም የመምህርን የሙያ ፍርድ አይለውጥም፤ ሥርዓቱ መከበሩን ይመረምራል። በእኛም አገር አካሄዱ ከዚህ አይርቅም።

የእንባ ጠባቂ ተቋም። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ ሲሆን አስተዳደራዊ በደልን ይመረምራል። አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል፣ ክፍያ የለውም። በፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ ግን አያይም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አስቡበት፤ ፍርድ ቤት ቀድሞ የሄደ ይህ በር ይዘጋበታል።

የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን። በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመ ነው። የመብት ጥሰት፣ በተለይም አድልዎ ሲሆን፣ ወደዚህ ይኬዳል።

ትምህርት ሚኒስቴር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚመሩት በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ነው። በግል ኮሌጅ የምትማሩ ከሆነ የፈቃድና የጥራት ጉዳይ የሚመለከተው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው።

ፍርድ ቤት። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ትልቅ ለውጥ ያመጣ ሕግ ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ተቋም ውሳኔ ሲሰጥ ባለጉዳዩን እንዲሰማ፣ ገለልተኛ እንዲሆን፣ ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲያደርግ ይጠይቃል። ውሳኔውም በፍርድ ቤት እንዲከለስ መንገድ ይከፍታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብትን አስቀምጧል። ፍርድ ቤት ግን ግሬድ አያርምም፤ የሚጠይቀው ሥርዓቱ ተከብሯል ወይ፣ ተማሪው ተሰምቷል ወይ፣ ሕግ ተጥሷል ወይ ብሎ ነው። ክለሳ የሚጠየቅበት ጊዜ አጭር ስለሆነ የመጨረሻው ደብዳቤ በደረሳችሁ ሳምንት የሕግ ባለሙያ አማክሩ። አቅም ከሌላችሁ በአቅራቢያችሁ ያለ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ።

ሽማግሌና ጀመዓ ምን ያግዛሉ?

አርሲ ላይ ጃርሱማ የታወቀ ነው፤ የተጣላ በሽማግሌ ይታረቃል። በመምህርና በተማሪ መካከል የተበላሸ ቃል፣ ንዴት ወይም አለመግባባት ሲኖር የተከበረ አባት ወይም የሙያ ባልደረባ መሃል ገብቶ ቢያስታርቅ መልካም ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ ሽምግልና የቀን ገደብን አያቆምም። ማመልከቻው ገቢ ይደረግ፤ ሽምግልናውም ጎን ለጎን ይሂድ። ከተስማማችሁ ማመልከቻውን ማንሳት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ሽማግሌ ውጤት እንዲጨመር ሊለምን አይሂድ። ያልሠራነውን በዘመድ ማግኘት የሌላውን ተማሪ ሐቅ መውሰድ ነው፤ በደልን በበደል መመለስም ነው።

ቤተሰብና ጀመዓ ከዚህ በተሻለ ሊያግዙ የሚችሉት በሌላ መንገድ ነው፦ ማመልከቻውን አብሮ በማንበብ፣ ወደ ቢሮ አብሮ በመሄድ፣ የትራንስፖርት በመሸፈን፣ ተስፋ የቆረጠውን በማበረታታት። በየመስጂዳችን ያሉ መምህራንና የሕግ ባለሙያዎች በወር አንድ ቀን ለተማሪ ምክር ቢመድቡ ብዙ ጉዳይ ገና በእንጭጩ ይፈታል።

ልንርቃቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመምህርን ስም በማኅበራዊ ሚዲያ ማጥፋት። ትክክለኛ ቅሬታን ወደ ስም ማጥፋት ክስ ይለውጣል፤ ተከሳሹ እናንተ ትሆናላችሁ።

ያልተረጋገጠን ነገር የሃይማኖት ወይም የብሔር ጉዳይ ማድረግ። እውነተኛ አድልዎ የደረሰበት ሌላ ወንድም ነገ እንዳይታመን ያደርጋል።

የሌላ ተማሪን ውጤት ወይም ምስጢር ያለ ፈቃዱ ማስረጃ ማድረግ።

ክፍል ማቆም። ቅሬታ ላይ እያላችሁም መገኘት፣ አሳይመንት ማስገባት፣ መመዝገብ አታቋርጡ። የተቋረጠ ምዝገባ ሌላ ችግር ይወልዳል፣ ቅሬታውንም ይሸፍነዋል።

በመጨረሻ

ዛሬ ምንም ቅሬታ የሌለባችሁ ተማሪዎችም አንድ ሥራ አላችሁ፦ የሴኔት ሌጅስሌሽኑን ቅጂ ዛሬ አግኙ፣ የቅሬታ ቀን ገደቡን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፣ ከአማካሪያችሁ ጋር የምትለዋወጡትን በአንድ ፋይል አስቀምጡ። ቅሬታ ያለባችሁ ደግሞ እስከዚህ ሳምንት መጨረሻ ማመልከቻውን በማህተም ገቢ አድርጉ። ሰብር ማለት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም፤ ሐቅን በሥርዓትና በጨዋነት መጠየቅም ሰብር ይፈልጋል።

ይህ ጽሑፍ ጠቅላላ መረጃ ነው፤ የየዩኒቨርሲቲው ደንብ ዝርዝሩን ይወስናልና የራሳችሁን አንብቡ፣ ከባድ ጉዳይ ሲሆን የሕግ ባለሙያ አማክሩ። አላህ ዕውቀታችሁን ጠቃሚ፣ ልፋታችሁን ፍሬያማ ያድርገው። ወላሁ አዕለም።